ፍርሃት የሚያርቃት እናት፦ በካናዳ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ስለ ወጣት ነፍሰ ጡሮችና ስለ ሱስ



ስለ መጠጥና ስለ አደንዛዥ ዕፅ ለሕዝብ የሚናገር ሰው እንደ ልማዱ በተግሣጽ ጀምሮ በተግሣጽ ይፈጽማል፤ እኔ ግን ተግሣጹ ከየቤተ ሰቡና ከየዐውደ ምሕረቱ ሳያቋርጥ የሚሰማ ስለሆነ፣ በዚህ በተፈቀደልኝ ሰዓት ሌላ ጥያቄ ይዤ ቀርቤአለሁ። አንዲት ወጣት ሴት ጽንስ መያዟን እያወቀች፣ መጠጡም ዕፁም ለጽንሱ ጠንቅ መሆኑን ሰምታ ሳለች፣ ልጇንም ገና ሳይወለድ እየወደደችው፣ ስለምን ከሱሱ መላቀቅ ያቅታታል?

የዚህን ጥያቄ መልስ በጠባይ ድካም ብቻ የሚፈልግ ሰው ብዙ ነገር እንደሚያመልጠው ለማስረዳት የካናዳን ነባር ሕዝቦች፣ ማለትም ፈርስት ኔሽንስ፣ ኢኑይትና ሜቲስ የሚባሉትን፣ መርጫለሁ። የመረጥኋቸውም ነገሩ በዚያ አገር በፍርድ ቤት መዝገብ፣ በምርመራ ጉባኤና በሐኪሞች ጥናት ተመርምሮ በግልጽ የተጻፈ ስለሆነ ነው፤ ደግሞም በቶሮንቶ፣ በካልጋሪና በዊኒፔግ የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ ይልቁንም በሕክምናና በእንክብካቤ ሥራ የተሰማሩት፣ የእነዚህ ሕዝቦች ጎረቤቶች ስለሆኑ ታሪኩ ፈጽሞ የባዕድ አይደለም። ንግግሬን በሦስት ክፍል እከፍለዋለሁ፤ በመጀመሪያ እናትነት ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍበት መንገድ እንዴት እንደ ተቆረጠ፣ ቀጥሎም ከዚያ የተወለደው ፍርሃት ነፍሰ ጡሯን ከሐኪም እንዴት እንደሚያርቃት፣ በመጨረሻም ፍርሃቱን ለማስወገድ የተደረገው ሙከራ ምን ፍሬ እንዳፈራ አመለክታለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ወደ ክፍሎቹ ከመግባቴ በፊት፣ ጉዳቱን አቃልዬ የምናገር እንዳይመስል፣ የሕክምናውን ነገር ባጭሩ ልግለጽ። እናት የጠጣችው አልኮል በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ወደ ጽንሱ ደም ይገባል፤ የጽንሱም ጉበት ገና ስላልበሰለ እንደ እናቱ ጉበት ፈጥኖ ሊያስወግደው አይችልም። ፖል ሌሞአን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1968፣ ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ የተባሉ ሁለት የሲያትል ሐኪሞችም በ1973፣ አብዝተው ከሚጠጡ እናቶች የተወለዱ ሕፃናትን መርምረው፣ የፊታቸው መልክ፣ የዕድገታቸው መቀጨጭና የአእምሯቸው ጉዳት ተመሳሳይ መሆኑን ጽፈዋል፤ ከዚያ ወዲህም ሐኪሞች በእርግዝና ጊዜ ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ የመጠጥ ልክ እንደሌለ ያስተምራሉ። በአንጻሩ እንደ ሄሮይን ባለ ዕፅ የተያዘች ነፍሰ ጡር ዕፁን በድንገት ብታቋርጥ መቋረጡ ራሱ ጽንሱን አደጋ ላይ ሊጥለው ስለሚችል፣ ሐኪም እንደ ሜታዶን ያለ መድኃኒት በልክ እየሰጠ ሊያረጋጋት ይገባል። ከሁለቱም የምንማረው አንድ ነው፤ እንዲህ ያለችው ሴት ከሁሉ አስቀድማና ከሁሉ ደጋግማ ሐኪም ዘንድ መድረስ የሚገባት ሴት ናት። ስለዚህ ወደ ሐኪም በቶሎ የሚያመጣት ነገር ሁሉ ጽንሱን ይጠቅማል፤ የሚያዘገያት ነገር ሁሉ ጽንሱን ይጎዳል። ይህን እንደ መስፈሪያ ይዘን እንሂድ።

ሌላም ከመንገዳችን የሚወገድ ነገር አለ፤ እርሱም የነባሩ ሕዝብ ደም መጠጥን አይችልም የሚለው የቆየ ወሬ ነው። ይህ ወሬ ሳይንስ ያረጋገጠው ነገር አይደለም፤ የነባር ሕዝቦች ሰውነት አልኮልን ከሌላው ሰው ዘግይቶ እንደሚያስወግድም አልተረጋገጠም። እንዲያውም በካናዳ በተደረጉ ጥናቶች ከፈርስት ኔሽንስ ሕዝብ መካከል መጠጥ ፈጽሞ የማይቀምሰው ሰው ድርሻ ከሌላው ሕዝብ ድርሻ የሚበልጥ ሆኖ ተገኝቷል፤ ችግሩ የሚበረታው በሚጠጡት መካከል አጠጣጡ ከባድ በመሆኑ ላይ ነው። ወሬው ግን ለብዙዎች የተመቸ ነው፤ ምክንያቱም ጥፋቱን በደም ላይ የሚጥል ሰው ሕግንና ታሪክን ከመመርመር ነፃ ይሆናል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ክፍል ልግባ። በጠጉርና በቆዳ ንግድ ዘመን ነጋዴዎች ሮምና ብራንዲ ለነባሩ ሕዝብ እያቀረቡ ንግዳቸውን ሲያደረጁ ከኖሩ በኋላ፣ በ1876 የወጣው ኢንዲያን አክት የተባለው ሕግ ለዚያው ሕዝብ መጠጥ መሸጥን ከለከለ። ክልከላው ሰዎች በስውር ገዝተው፣ እንዳይያዙም ፈጥነው እንዲጨልጡት አደረገ እንጂ ጥማቱን አላጠፋውም። በ1967 ጆሴፍ ድራይቦንስ የተባለ ሰው በየሎውናይፍ ከተማ በአንድ ሆቴል ውስጥ ሰክሮ ስለ ተገኘ፣ ነባር በመሆኑ ብቻ በዚሁ ሕግ ተከሶ ተቀጣ፤ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1969 እንዲህ ያለው ቅጣት የሰዎችን በሕግ ፊት እኩል መሆን ይቃረናል ሲል ፈረደ። ነገር ግን ስለ መጠጥ ከወጣው ሕግ ይልቅ ስለ ልጆች የተሠራው ሥርዓት ለርዕሰ ነገራችን እጅግ የቀረበ ነው።

በ1831 በብራንትፎርድ አዳሪዎችን መቀበል ከጀመረው ትምህርት ቤት አንሥቶ እስከ 1990ዎቹ ማብቂያ ድረስ፣ ከ150,000 የሚበልጡ የነባር ሕዝቦች ልጆች በመንግሥት ገንዘብ በሚደገፉና አብያተ ክርስቲያናት በሚያስተዳድሯቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች እንዲያድጉ ተደርጓል፤ በ1920ም ሕጉ ተጠናክሮ ልጁን አልሰጥም ያለ ወላጅ የሚቀጣበት ሆነ። ልጆቹ ጠጕራቸው ይቆረጥ፣ በእናታቸው ቋንቋ ሲናገሩ ይቀጡ ነበር፤ ብዙዎችም ተደብድበዋል፣ ተደፍረዋል፣ በሳንባ ነቀርሳና በሌላ በሽታ ሞተው ከወላጆቻቸው ርቀው ተቀብረዋል። ይህን ሁሉ የመረመረው የእውነትና የዕርቅ ጉባኤ በ2015 የመጨረሻ ቃሉን ሲያወጣ ካቀረባቸው 94 የተግባር ጥሪዎች አንዱ፣ በቁጥር 33ኛው፣ በጽንስ ላይ የሚደርሰውን የአልኮል ጉዳት መከላከል ቀዳሚ ጉዳይ እንዲሆንና የመከላከያውም ሥራ ከነባር ሕዝቦች ጋር በመተባበር ለባህላቸው በሚስማማ መንገድ እንዲከናወን የሚጠይቅ ነው። ጉባኤው ስለ ትምህርት ቤት በሚናገር ምርመራ ውስጥ የጽንስን ነገር ማግባቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ክር አለና።

ክሩ ይህ ነው። ሴት ልጅ እናትነትን በመጽሐፍ አትማረውም፤ ታናሿን አዝላ፣ ጡት የምታጠባ አክስቷን እያገለገለች፣ አራስ ቤት ውኃ እያሞቀች፣ አያቷ ለነፍሰ ጡር የሚፈቀደውንና የሚከለከለውን ስትናገር እየሰማች ትወርሰዋለች። በስድስት ዓመቷ ከቤቷ ተወስዳ በአሥራ ስድስት ዓመቷ የተመለሰች ልጅ ግን ያየችው ደወል፣ ሰልፍና ቅጣት ብቻ ነው፤ ስለ ደረሰባትም ነውር የምትናገርበት ቋንቋ ስለሌላት፣ ቋንቋ ቢኖራትም የሚሰማት ሰው ስለማታገኝ፣ ሕመሙን የሚያደነዝዝላትን ነገር ብትፈልግ የሚያስደንቅ አይሆንም። የእርሷ ልጅ ደግሞ የምትታቀፈው መታቀፍን ባልተማረች እናት እጅ ነው፤ በዚህ ዓይነት በደሉ የትምህርት ቤቱን ደጃፍ ረግጣ ወደማታውቀው የልጅ ልጅ ይደርሳል።

ትምህርት ቤቶቹ እየተዘጉ ሲሄዱም ልጆችን ከወላጅ የመለየቱ ልማድ ስሙን ለውጦ ቀጠለ። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት በሕፃናት ደኅንነት ባለሥልጣናት ተወስደው ነባር ላልሆኑ ቤተ ሰቦች በማደጎ ተሰጡ። በ2016 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የነባር ሕዝቦች ልጆች በካናዳ ካሉት ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች 7.7 በመቶ ብቻ ሆነው ሳለ፣ በአሳዳጊ ቤተ ሰብ እጅ ካሉት ልጆች ግን 52.2 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። ብዙ ጊዜ ለመለያየቱ የሚሰጠው ምክንያት ቸልተኝነት የሚባለው ሲሆን፣ ይህም ቃል ሲመረመር በአመዛኙ ድህነት፣ የተጣበበ ቤትና የወላጅ ሱስ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ በዛሬዋ ወጣት ነፍሰ ጡር ፊት የቆመው መንግሥት እርሷን ከአንዱ አሳዳጊ ወደ ሌላው ሲያዘዋውር ያሳደጋትና ለአካለ መጠን ስትደርስ ያለ ዘመድና ያለ ቤት ያሰናበታት ያው መንግሥት መሆኑን ልብ እንበል።

ከዚህ በኋላ ወደ ሁለተኛው ክፍል እንሻገራለን፤ እርሱም የፍርሃት ነገር ነው። በ1996 በዊኒፔግ ከተማ አንዲት የነባር ሕዝብ ተወላጅ ወጣት አራተኛ ልጇን አርግዛ አምስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ወጣቲቱ ማስቲሽ የመሳብ ሱስ የያዛት ስትሆን፣ ቀደም ሲል ከወለደቻቸው ልጆች ሁለቱ በዚሁ ምክንያት ከማይድን ጉዳት ጋር እንደ ተወለዱ ይነገር ነበር። የሕፃናትና የቤተ ሰብ ባለሥልጣን ፍርድ ቤት ሄዶ እስክትወልድ ድረስ በግዳጅ ተይዛ እንድትታከም ትእዛዝ አወጣባት፤ ትእዛዙ ግን በሁለት ቀን ውስጥ ታገደ፣ በይግባኝም ተሻረ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ በጥቅምት 1997 ሰባት ዳኞች በሁለት ላይ በልጠው፣ በአገሩ ሕግ ያልተወለደ ጽንስ የሕግ ሰውነት ስለሌለው ፍርድ ቤት እናቱን ለጽንሱ ሲል ሊያስራት አይችልም ብለው ወሰኑ።

ስለ ፍርዱ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ግን አድማጮቼ በመዝገቡ ውስጥ ያሉትን ሁለት ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች እንዲያስተውሉ እለምናለሁ። አንደኛው፣ ይህች ሴት ቀደም ባለው እርግዝናዋ በገዛ ፈቃዷ መታከሚያ ፈልጋ፣ ቦታ የለም ተብላ መመለሷ ነው፤ በዚህኛውም ጊዜ አስቀድማ ለመታከም ተስማምታ ነበር፣ ሊወስዷት ሲመጡ ግን በማስቲሹ ሰክራ ስላገኟት አልሄድም አለች። ሁለተኛው፣ የግዳጁ ትእዛዝ ከታገደና በሩ ከተከፈተላት በኋላ ሐኪሞቹ እስኪያሰናብቷት ድረስ በፈቃዷ በሆስፒታሉ መቆየቷ፣ ማስቲሹንም መተዋና በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ጤነኛ ልጅ መውለዷ ነው። በሩን ዘግቶ ሊይዛት የፈለገ መንግሥት በሩን አንኳክታ በመጣች ጊዜ አልጋ አላዘጋጀላትም ነበር፤ የዚህ ጉዳይ ትምህርት ሁሉ በዚህ ውስጥ አለ ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

በግዳጅ መያዝ በሕግ ከተከለከለ በኋላም ሌላ የማስፈራሪያ መንገድ ክፍት ነበር፤ እርሱም የወሊድ ማስጠንቀቂያ የሚባለው ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር፤ አንዲት የሕፃናት ደኅንነት ሠራተኛ አንዲትን ነፍሰ ጡር የምታሠጋ እናት ናት ብላ ከገመተች፣ ለአካባቢው ሆስፒታሎች የእናቲቱን ስም ጽፋ ትልክ፣ እናቲቱም ለወሊድ በመጣች ጊዜ ለሠራተኛዋ እንዲነገራት ታዝ ነበር፤ እናቲቱ ግን ስለ ወረቀቱ ምንም ላታውቅ ትችል ነበር። ምጧን አምጣ፣ ልጇን ተገላግላ፣ ጡቷን ለመስጠት ስትዘጋጅ ሠራተኛዋን ከክፍሉ ደጃፍ ቆማ ታያት ነበር። ለግምቱ መነሻ ከሚሆኑት ነገሮችም አንዱ እናቲቱ ራሷ በመንግሥት እጅ ማደጓ ነበር፤ በልጅነቷ የደረሰባት መለየት በልጇ ላይ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠርባት ነበር ማለት ነው። ስለ ጠፉና ስለ ተገደሉ ነባር ሴቶች የተቋቋመው አገር አቀፍ የምርመራ ጉባኤ በ2019 ይህ አሠራር ባስቸኳይ እንዲቀር ጠየቀ፤ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በዚያው ዓመት፣ ማኒቶባና ኦንታሪዮም በ2020 አስቀሩት፤ ሌሎቹም አውራጃዎች ተከተሉ።

አሁን አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ይህን ሁሉ ከአክስቷና ከእኅቷ ሰምታ፣ መጠጡን ለመተው ሞክራ ሳይሳካላት፣ በሦስተኛ ወሯ በጤና ጣቢያ ደጃፍ ቆማለች እንበል። ብትገባና ለነርሷ እውነቱን ብትናገር ቃሏ ይጻፋል፤ የተጻፈውም ልጇን ሊያስወስድባት ይችላል። ብትዋሽ ሐኪሙ የሚያክመው የሌለ በሽታ ይሆናል። ባትገባ ደግሞ ቢያንስ እስክትወልድ ድረስ ልጇ ከእርሷ ጋር ነው። ይህች ልጅ ሦስተኛውን ብትመርጥ አላዋቂ ናት ለማለት ይቸግራል፤ በእርሷ ቦታ ያለ አስተዋይ ሰው ሁሉ እንዲሁ ያስባል። በፍርሃቱ ላይ ኀፍረት፣ በኀፍረቱም ላይ የተጣበበ ቤትና የሚደበድብ የትዳር ጓደኛ፣ በዚያም ላይ የሩቅ መንገድ ይደረብበታል፤ በሰሜን ራቅ ባሉ መንደሮች የምትኖር ሴት ለመውለድ ሳምንታት ሲቀሯት በአውሮፕላን ወደ ከተማ ተልካ፣ እስከ 2017 ድረስም ብዙ ጊዜ አብሯት የሚሄድ ዘመድ ወጪ ሳይከፈልለት፣ ብቻዋን በእንግዳ ማረፊያ ምጧን ትጠብቅ ነበርና።

እዚህ ላይ ከአድማጮቼ መካከል አንዱ፣ «ስለ እናቲቱ ይህን ያህል ተናገርህ፤ ስለ ጽንሱስ ማን ይናገርለት?» ቢለኝ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በዊኒፔጉ ጉዳይ በሐሳብ የተለዩት ሁለቱ ዳኞችም፣ ጽንሷን ልትወልደው የወሰነች እናት በልጁ ላይ የማይመለስ ከባድ ጉዳት ልታደርስ መሆኗ በማስረጃ ከተረጋገጠ መንግሥት እጁን አጣጥፎ መመልከት የለበትም ሲሉ ጽፈዋል፤ ዕድሜ ልኩን የአእምሮ ጉዳት ተሸክሞ የሚኖረውን ልጅ ያየ ሰው ይህን ክርክር በቀላሉ አይጥለውም። የእኔ መልስ ከጽንሱ ጥቅም የሚነሣ ነው። ግዳጁ የሚይዘው የተገኘችውን አንዲት ሴት ሲሆን የሚያባርረው ገና ያልተገኙትን ብዙዎች ነው፤ የሚያባርራቸውም ጉዳቱ ሊቀነስ በሚቻልበት ወራት ነው። አንዲቷ በአምስተኛ ወሯ ብትታሰር፣ ሌሎቹ ወሬውን ሰምተው እስከ ምጥ ቀን ተሸሽገው ቢቆዩ፣ በመስፈሪያችን ስንሰፍረው የጽንሶቹ ጉዳት የበዛ ይሆናል።

ሦስተኛው ክፍል የመድኃኒቱ ነው፤ መድኃኒቱንም ነባር ሕዝቦች ራሳቸው ቀድመው እንዳገኙት የሚያሳይ ታሪክ አለ። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ አልካላይ ሌክ በሚባለው መንደር አብዛኛው ጎልማሳ በመጠጥ በተያዘበት ዘመን፣ ፊሊስ ቼልሲ የተባለች እናት በ1972 ግድም ከአያቷ ቤት የነበረች ትንሽ ልጇን ልትወስድ ብትሄድ፣ ልጅቱ እናንተ ስለምትሰክሩ አልመጣም አለቻት። ፊሊስ መጠጥን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ተወች፣ ባሏ አንዲም ጥቂት ቆይቶ ተከተላት፤ ሁለቱም በአዳሪ ትምህርት ቤት ያደጉ ነበሩ። አንዲ የመንደሩ አለቃ በሆነ ጊዜ በስውር መጠጥ የሚሸጡትን አስከለከለ፣ ለከባድ ጠጪዎች የሚመጣውን የመንግሥት ድጎማም በጥሬ ገንዘብ ፈንታ ምግብና ልብስ በሚገዛ ኩፖን እንዲታደል አደረገ፣ ሊታከም የሄደ ሰውም ሲመለስ ቤቱ ታድሶና ሥራ ተዘጋጅቶለት እንዲያገኝ መንደሩ ይተባበር ጀመር። በዐሥር ዓመት ከጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ አብዛኛው ሕዝብ ከመጠጥ ርቆ ተገኘ። ሥርዓቱ ብርቱ እንደ ነበር አልሸሽግም፤ ነገር ግን ያዘዘው ከሕዝቡ የወጣና አስቀድሞ ራሱ የተወ ሰው ስለሆነ ሕዝቡ ታዘዘለት።

በከተማ ደግሞ ሌላ ምሳሌ አለን። በቫንኩቨር ድሆችና ሱሰኞች በሚበዙበት በምሥራቁ ሰፈር በ1993 ሼዌይ የተባለ ቤት ተከፈተ። ወደዚያ የምትገባ ነፍሰ ጡር ለመግባት አስቀድማ ዕፁን እንድትተው አትጠየቅም፤ በመጀመሪያ ትኩስ ምሳ ይቀርብላታል። ከምሳው ማዕድ ራቅ ሳይል ሐኪሙና አዋላጇ፣ ነርሷና የምግብ ባለሙያዋ በአንድ ጣራ ሥር አሉ፤ የቤት ማመልከቻ የሚጽፍላትም፣ የሕፃን ወተትና ዳይፐር የሚሰጣትም በዚያው ነው። ለዐሥር ጉዳይ ዐሥር ደጅ ስትጠና የምትውል ሴት በዘጠነኛው ተስፋ ቆርጣ ወደ መጠጧ መመለሷን የቤቱ መሥራቾች አስተውለው ነበርና። በዚያችው ከተማ በ2003 በሴቶች ሆስፒታል የተከፈተው ፈር ስኩዌር የሚባል ክፍል ደግሞ በዕፅ የተያዙ እናቶች ከወለዱ በኋላ ሕፃኑ ወደ ልዩ ክፍል እንዳይወሰድባቸው፣ ከእነርሱው ዘንድ በአንድ ክፍል እንዲያድር ፈቀደ። ሐኪሞቹ ባደረጉት ጥናት ከእናታቸው ጋር ያደሩት ሕፃናት፣ ተለይተው ከተቀመጡት ይልቅ የዕፁን መቋረጥ ሕመም ለማስታገስ ሞርፊን የሚሰጣቸው ጥቂቶቹ ብቻ ሆኑ፣ ከእናታቸውም ጋር ወደ ቤት የሄዱት በዙ። ለመለያየቱ ምክንያት ሆኖ የኖረው የሕፃኑ ሕመም በእናቱ እቅፍ የሚታገሥ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ለመውለድ የሚደረገውን የሩቅ ጉዞ በሚመለከትም፣ በሰሜን ኬቤክ ፑቪርኒቱክ በሚባለው መንደር የኢኑይት ሴቶች ጠይቀው በ1986 የወሊድ ቤት ከተከፈተ ወዲህ፣ የአገሩ ተወላጆች የሆኑ አዋላጆች በዚያው እየሠለጠኑ ሴቶች በዘመዶቻቸው መካከል በቋንቋቸው ይወልዳሉ። በ2020 በሥራ ላይ የዋለውና ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2024 ያጸናው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ነባር ሕዝቦች የልጆቻቸውን ደኅንነት በራሳቸው ሕግ እንዲያስተዳድሩ ሥልጣን እንዳላቸው መስክሯል። ይህ ሁሉ ገና ጅምር ነው፤ የመታከሚያ አልጋ ዛሬም ጥቂት ነው፣ ንጹሕ የመጠጥ ውኃ የማያገኙ መንደሮችም አሉ፣ ቤትም ሳይኖራት ሱሷን እንድትተው የምትመከር ሴት ብዙ ናት።

ክቡራን እመቤቶችና ጌቶች፣ ከዚህ ሁሉ የምደርስበት ፍርድ እንዲህ ያለ ነው። የነፍሰ ጡር ሱስ ኃጢአትም ይባል በሽታ፣ ሁለቱም ስሞች የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ንስሓ የሚገባም የሚታከምም ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት፣ የሚናገረውም የሚሰማው ሰው የማይጎዳው መሆኑን ሲያምን ነው። ቄስ የኑዛዜን ምስጢር እንዲጠብቅ የታዘዘበት ምክንያት ለሐኪምም፣ ለነርስም፣ ለማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛም ይሠራል። ስለዚህ ስለ ነፍሰ ጡሮች የሚወጣ ደንብ፣ በካናዳ ይሁን በሌላ አገር፣ በቃሉ ጥብቅነት ወይም በደራሲው መልካም አሳብ ሳይሆን፣ ከወጣ በኋላ የተቸገረችው ሴት ወደ ጤና ጣቢያ የምትመጣበት ወር ወደ ፊት የቀደመ ወይም ወደ ኋላ የዘገየ እንደሆነ ተቈጥሮ ሊመዘን ይገባዋል። የጤና ጣቢያ መዝገብ ይህን ቍጥር ያለ ብዙ ድካም ይሰጣል፤ እስከ ዛሬ የጎደለው ቍጥሩን ጠይቆ በእርሱ የሚፈርድ ሕግ አውጪ ነው።